«አቅርቦት» ወይስ «አደራረስ»? በአንድ ሙያ አሰያየም ላይ የቀረበ ሂስ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙያ መምረጫ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ፣ ገና በረቂቅነቱ ሳለ ለዚህ ጸሐፊ ለአስተያየት ቀርቦ ነበር። ጽሑፉ ልዩ ልዩ የኬሚስትሪ ዘርፎችን የሚያስተዋውቅ ሲሆን፣ ከሁሉ ሰፊውን ቦታ የሰጠው መድኃኒትንና ጂንን በሰውነት ውስጥ ተሸክመው የሚያደርሱ እጅግ ደቃቅ ቁሶችን ለሚመራመሩ ኬሚስቶች ነው። አዘጋጁን ክፍልም ሆነ ተርጓሚዎቹን በስም መጥቀስ ለጉዳዩ አይጠቅምም፤ የረቂቁ ጉድለቶች በብዙ የሳይንስ ትርጉሞቻችን የሚደጋገሙ ናቸውና። በመሆኑም ረቂቁን እዚህ የማነሣው ለምሳሌነት ነው። ጥያቄውም፣ ለአዲስ ሙያ ስም ስናወጣ ከስሙ ምን እንጠብቃለን? የሚል ነው።

ረቂቁን ይዤ የምዕራብ ሸዋ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው አምቦ የሄድኩት በሌላ ጉዳይ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በወሎንኮሚና በጊንጪ አልፎ ወደ አምቦና ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ «ኬሚስት» የሚለውን ቃል አያውቀውም ማለት አይቻልም። በአዳ በርጋ ወረዳ የሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በላቦራቶሪው ኬሚስቶችን ሲያሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ማዕድን ውሃም ያለ ኬሚስት ቁጥጥር ገበያ አይወጣም። በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት ሥራውን የጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን ያስተምራል። እንግዲህ በአካባቢው ሰው አእምሮ ኬሚስት ማለት መምህር ነው፣ ወይም የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ቃሉን ያነበበ ደግሞ መድኃኒት ሻጭ ነው ይላል።

አንድ ምሽት የረቂቁን አንድ ገጽ ለሦስት ሰዎች አነበብኩላቸው። አንደኛው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሁለተኛው በአካባቢው ገበሬዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የሠሩ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ሦስተኛው የዶክትሬት ትምህርቱን በታይዋን ፈጽሞ የተመለሰ ወጣት ኬሚስት ነው። የሦስት ሰው ምስክርነት ጥናት አይባልም፤ ቢሆንም መልሳቸው ሐሳቤን አቃናልኝ።

ረቂቁ ሙያውን «የመድኃኒት አቅርቦት ኬሚስት» ይለዋል። ተማሪው ምን እንደ ተረዳ ብጠይቀው «መድኃኒት ከአዲስ አበባ እያስጫነ ለጤና ጣቢያ የሚያከፋፍል ሰው ነው» አለኝ። የግብርና ባለሙያው «ዘር ማድረስ» የሚለውን ሐረግ ሲሰሙ፣ ምርጥ ዘር ክረምት ሳይገባ ለገበሬ ማድረስ መስሏቸው «ይህማ የእኛ ሥራ ነው» አሉ። ወጣቱ ኬሚስት ግን ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ቆየት ብሎ እንዲህ አጫወተኝ፦ «ጋሼ፣ እኔም ብሆን ሥራዬን ለእናቴ በአማርኛም በኦሮምኛም ማስረዳት አቅቶኛል። ‹ልጅሽ ምን ተማረ ሲሉኝ ምን ልበል?› አለችኝ። ‹ኬሚስት ነው በያቸው› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ የሐኪም ማዘዣ እየያዘ ይመጣል።»

ወደ ቃላቱ ከመመለሳችን በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ይገባል፤ ፅንሰ ሐሳቡ ሳይለይ ስያሜውን መመዘን አይቻልምና። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው ቅንጣቶች በአብዛኛው በ100 ናኖሜትር ዙሪያ ያሉ ናቸው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ብዙ መቶ ጊዜ ያነሱ ማለት ነው። የተዋጠ ወይም በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት በደም አማካይነት ወደ ሰውነት ሁሉ ይሰራጫል፤ ለታመመው አካል የታሰበው ለጤነኛውም ይደርሰዋል። ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ልብን ይጎዳል። ይኸው መድኃኒት ሊፖሶም በሚባል የስብ ከረጢት ተሸፍኖ እንዲሰጥ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ሲሰጥ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጓዝበት መንገድ ነው።

የጂን ነገር ከዚህም ይብሳል። ራቁቱን ወደ ደም የገባ አር ኤን ኤ በኢንዛይሞች ወዲያው ይበጣጠሳል። ቢተርፍም እንኳ የኤሌክትሪክ ሙሉ አሉታዊ ስለ ሆነ፣ እንደ እርሱ አሉታዊ ሙል ያለውን የሕዋስ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ኬሚስቱ የሚሠራው አር ኤን ኤውን አቅፎ የሚጠብቅ፣ ከሕዋሱ ሲደርስ የሚቀበለው፣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጭነቱን የሚለቅ የስብ ቅንጣት ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት ፓቲሲራን እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቀደ፤ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የኮቪድ ክትባቶች ተከተሉ። ወደ አገራችን በየካቲት 2013 ዓ.ም. በመጀመሪያ የገባው የአስትራዜኔካ ክትባት ጂኑን የሚያደርሰው በሌላ ተሸካሚ፣ ይኸውም እንዳይራባ በተደረገ ቫይረስ ነው፤ ኋላ የመጣው ፋይዘር ግን በስብ ቅንጣት ነው። እንግዲህ የአምቦም ሆነ የጊንጪ ሰው ይህን የኬሚስት ሥራ በክንዱ ተቀብሎታል፤ የሚጠራበት ቃል ግን አልተሰጠውም።

ነገሩ ለባህላችን ባዕድ እንዳልሆነ እንዶድ ይመሰክራል። እንዶድ ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው፣ በውስጡ ያለው ሳፖኒን አንዱ ጫፉ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፉ ስብ ወዳድ ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች በውሃ ውስጥ ስብ ወዳዱን ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ይሰባሰባሉ፤ እድፉንም በመካከላቸው ይዘው ይሄዳሉ። የናኖ ተሸካሚ ሠሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መሠረታዊ መርሖች አንዱ ይኸው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ እንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር በር ሲከፍቱ፣ «እንዶድ» የሚለው ቃል በራሱ ስም የዓለም ሳይንስ መዛግብት ውስጥ ገባ። ለሥራው ስም የሰጡት ዘመናትን ሙሉ ልብስ ያጠቡበት ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ረቂቁ እንመለስ። የመጀመሪያውና ትልቁ ጉድለት «የመድኃኒት አቅርቦት» የሚለው ነው። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ካገኛቸው ፍቾች አንዱን ወስዷል። ነገር ግን «የመድኃኒት አቅርቦት» በአማርኛ ባለቤት ያለው ሐረግ ነው፤ መድኃኒት ገዝቶ፣ አከማችቶና አጓጉዞ ለጤና ድርጅቶች የማዳረስ ሥራ ስም ሆኖ በመሥሪያ ቤት ስያሜ ሳይቀር ተተክሏል። አንድ ሐረግ በሕዝብ አፍ አንድ ትርጉም ከያዘ በኋላ ሌላ ፅንሰ ሐሳብ ቢጭኑበት አዲሱ ይወድቃል፤ ነባሩ ይጸናል። ተማሪው የሰጠኝ መልስ ስሕተት አልነበረም፤ ቃሉ የሚለውን በትክክል ነበር የነገረኝ።

ሁለተኛው «የናኖ ዕቃ» የሚለው ነው። «ዕቃ» በአማርኛ ለአገልግሎት የተበጀ፣ ተለይቶ የሚቆጠር ነገር ነው፤ የቤት ዕቃ፣ የሸክላ ዕቃ እንላለን። ሸክላው ግን ራሱ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃው የተሠራበት ነው። ኬሚስቱ የሚመራመረው የሚሠራበትን ነገር ባሕርይ ስለ ሆነ፣ በፍልስፍና ጽሑፎች ከተለመደ የቆየው «ቁስ» ይሻላል። «ናኖ ቁስ» አጭር ነው፤ «ናኖ ቅንጣት» ከሚለው ጋርም ሳይምታታ ጎን ለጎን ይሄዳል። ናኖ ቁስ ሁሉ ቅንጣት አይደለምና ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሦስተኛው፣ እጅግም የሚያሳስበው፣ ጂንን በደፈናው «ዘር» ማለቱ ነው። «ዘር» በገበሬ ዘንድ የሚዘራው እህል ነው፤ በቤተሰብ ዘንድ ትውልድ ነው፤ በአደባባይ ደግሞ በዘመናችን ብዙ ደም ያፈሰሰ ቃል ነው። «ዘር የሚያደርስ ክትባት» የሚል ዐረፍተ ነገር የጤና ሠራተኛ ለእናቶች ቢያነብ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። ክትባቱ የሰውን ማንነት ይለውጣል የሚለው ወሬ በኮቪድ ጊዜ በብዙ አገር ተናፍሷል። የኤም አር ኤን ኤው ክትባት ወደ ሕዋሱ ኒውክሊየስ ሳይገባ ሥራውን ፈጽሞ የሚፈርስ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው፣ በመነሻው «ዘር» ካለ ማስረዳቱን ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ፈቃድ የሚጠየቅ ታማሚ የሚፈርመው በገባው ቃል ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የቃል ምርጫ የሕክምና ሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል።

አንዳንድ ጸሐፍት «በራሂ»፣ ሌሎች «ዘረመል» ይላሉ። «በራሂ» ንጹሕና አሻሚ ያልሆነ ነው፤ ሆኖም ከሊቃውንት ክበብ አልወጣም። «ዘረመል» በጋዜጣና በሬዲዮ ተለምዷል፤ ነገር ግን አንዱን ጂን፣ ጠቅላላውን የጂኖች ስብስብና ጥናቱን ሁሉ በአንድነት ሲጠራ እንሰማለን። በትምህርት ቤት «ጂን» እየተባለ ስለሚማሩት፣ ይህ ጸሐፊ ለአንዱ ክፍል «ጂን» እንዲጸና፣ «ዘረመል» ግን ለአጠቃላዩ እንዲቀመጥ ይመርጣል።

አራተኛው ጉድለት ከሌሎቹ የተሰወረ ነው። ረቂቁ ስለ አንድ ሰው የረጅም ዘመን የሙያ ሂደት የሚናገረውን የእንግሊዝኛ ቃል በየገጹ «ሥራ» እያለ ይመልሰዋል። «ሥራ» ዛሬ ያለ፣ ነገ የማይኖር ሊሆን ይችላል። «ሙያ» ደግሞ ችሎታ ነው፤ ባለሙያ ሴት ስንል ወጥ አሳምራ የምትሠራውን ነው። ጊዜንና መንገድን የሚያመለክት ቃል ለብቻው ስለሌለን «የሙያ ጉዞ» ማለት ይገባል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ይሁን እንጂ «ሥራ» የተባለውን ያነበበ ተማሪ «የት ልቀጠር?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የሙያ ጉዞ» የተባለውን ያነበበ ግን «በየትኛው መንገድ ልሂድ፣ ስንት ዘመንስ ይፈጃል?» ይላል። ለዚህ ዘርፍ የሚስማማው ጥያቄ ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱም የዚህ ሙያ ታሪክ የረጅም ጉዞ ታሪክ ነው። ጀርመናዊው የፖሊመር ኬሚስት ሄልሙት ሪንግስዶርፍ መድኃኒትን፣ ተሸካሚ ፖሊመርንና አድራሻ ፈላጊ ክፍልን በአንድ ሞለኪውል የሚያጣምር ንድፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በተከታዩ ዓመት የኬሚካል መሐንዲሱ ሮበርት ላንገር ከሐኪሙ ጁዳ ፎክማን ጋር ትላልቅ ሞለኪውሎችን ከፖሊመር ውስጥ ቀስ በቀስ መልቀቅ እንደሚቻል አሳየ፤ እርሱ ራሱ እንደሚናገረው ግን በጊዜው ያቀረባቸው የመጀመሪያ ዘጠኝ የምርምር ገንዘብ ጥያቄዎች ተቀባይነት አላገኙም። የባዮኬሚስቷ ካታሊን ካሪኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥራ ደረጃዋ ዝቅ ተደረገች፤ በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ወሳኙን ጽሑፍ አሳተመች፤ የኖቤል ሽልማት የደረሳት በ2023 ነው። ከሪንግስዶርፍ ንድፍ እስከ ኮቪድ ክትባት 45 ዓመት አልፏል። ይህን ሁሉ «ሥራ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ተማሪውን ማሳሳት ነው።

የኢትዮጵያውያኑም ጉዞ ከዚህ ይዛመዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመራመሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረባቸው ጋር ስለ እንሰት ስታርች ባሕርይ ያሳተሙት ጥናት፣ ቡላ ክኒን አስሮ ለመያዝ እንዲያገለግል ከተደረጉት ምርምሮች ጋር የተያያዘ ነው። ክኒኑን የሚያስረውና በጊዜው የሚለቀው ነገር የመድኃኒት ተሸካሚ ምርምር ታላቅ ወንድም ነውና፣ ዘርፉ በአገራችን ሥር የለውም አይባልም። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ወጣት ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በታይፔ በሚገኘው የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመድኃኒትና ለጂን ተሸካሚነት የሚሆኑ ናኖ ቁሶችን ሲመራመሩ ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። ከፖሊሳካራይድ ስለሚሠሩ ናኖጄሎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚያው የወጣ ሰፊ ዳሰሳ ከአዘጋጆቹ መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። ጽሑፎቻቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ይህ የሳይንሱ ልማድ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ተመልሰው በአገራቸው ክፍለ ትምህርት ሲከፍቱ፣ ገንዘብ ሲጠይቁና ተማሪ ሲመለምሉ የሚናገሩት በአገራቸው ቋንቋ ነው። የሥራ መደብ መዝገብ የሚያውቀው «ኬሚስት» ብቻ ከሆነ፣ ሲሚንቶ የሚፈትነውና የጂን ተሸካሚ የሚሠራው በአንድ መስመር ይመዘገባሉ፤ መሣሪያውም በጀቱም በዚያው መስመር ይሰፈራል።

ከዚሁ መንገድ ዳር አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። የዓለም የምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተወለዱት በወሎንኮሚ ነው። የሙያ ጉዟቸው በውጭ አገር ቢያልፍም ሥራቸው ግን በሁለት የገበሬ ቃላት ይነገራል፦ ማሽላና አቀንጭራ። «አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጣ ሰው» ሲባል ማንም ይረዳል። የናኖ ኬሚስቱ ሥራ ከዚህ የረቀቀ ሆኖ አይደለም፤ ቃል የሰጠው ስለሌለ ነው።

ለዚህ ሁሉ ሁለት የተለመዱ መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «እንደ ወረደ እንዋሰው» የሚል ነው። የተውሶ ቃል በራሱ ነውር የለበትም። ከኪኒን የመጣው «ክኒን» ዛሬ የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ ስም ሆኗል፤ «ናኖ»ንም ረቂቁ እንዳለ መውሰዱ ትክክል ነው፤ መለኪያ ነውና። ሆኖም አንድ ስም ከዳር እስከ ዳር ተውሶ ሲሆን ሰሚው የሚይዘው እጀታ ያጣል። የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ናኖቴክኖሎጂን ከሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነው፤ ከስሙ ውስጥ አማርኛ የሆነው ግን «ና» የምትለው መስተጻምር ብቻ ናት።

ሁለተኛው መልስ «ከግእዝ እናውጣ» ነው። የግእዝ ሥር ለአማርኛ ትልቅ ጎተራ እንደ ሆነ ይህ ጸሐፊ ዘመኑን ሙሉ ሲያስተምር ኖሯል። ነገር ግን የአዋጅ ቁጥር 482/1998ን ርእስ ያስታውሷል፤ «የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት» ይላል። «አርክቦት» ከ«ረከበ» በሥርዓቱ የረባ፣ በሰዋስው የማይነቀፍ ቃል ነው። ሕጉ መብቱን የሚጠብቅለት ማኅበረሰብ ግን ቃሉን ሲሰማ መብቱን አያውቅም። ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መንገድ ላይ ቀርቷል።

በ1989 ዓ.ም. የወጣው የአካዳሚው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ባለሙያዎች ድካም ፍሬ ነው፤ ለትውልዱም ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ ከታተመ እስከ ኮቪድ ክትባት 24 ዓመት ያህል አልፏል፤ በመካከሉ አንድ ሙሉ የሙያ ዘርፍ አድጓል። መዝገበ ቃላት በየዘመኑ ካልታደሰ ተርጓሚው ብቻውን ይቀራል፤ የረቂቁም ተርጓሚ የደረሰበት ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ይባል? ለዚህ ጸሐፊ መፍትሔው በአማርኛ የርባታ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ ይታየዋል። አማርኛ የድርጊትን «እንዴትነት» የሚሰይምበት ራሱን የቻለ የስም ቅርጽ አለው፤ ከ«ሠራ» አሠራር፣ ከ«ተናገረ» አነጋገር፣ ከ«ያዘ» አያያዝ፣ ከ«ወሰደ» አወሳሰድ። በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ «የመድኃኒት አወሳሰድ» ሲባል የማይገባው የለም፤ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ በቀን ስንት ጊዜ ማለት ነው። የምንነጋገርበት ዘርፍ ደግሞ መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ በሰውነት ውስጥ እንዴት ወደሚፈለግበት እንደሚደርስ የሚያጠና ነው፤ ስሙም «የመድኃኒት አደራረስ» ሊሆን ይገባል። «አቅርቦት» እስከ ጤና ጣቢያው በር ነው፤ «አወሳሰድ» የታማሚው ድርሻ ነው፤ «አደራረስ» ከዚያ በኋላ ያለው የኬሚስቱ ድርሻ ነው። ሦስቱ ቃላት ድንበራቸውን ጠብቀው ይኖራሉ።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ተቃውሞ አለ። «አደራረስ» ከ«ደረሰ»ም ከ«አደረሰ»ም ሊረባ ስለሚችል፣ መድረሱን ነው ወይስ ማድረሱን? ያሰኛል። አሻሚነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አይጎዳም። ኬሚስቱ ሁለቱንም ያጠናል፤ ተሸካሚው እንዴት እንደሚያደርስም፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚደርስም። በተጨማሪም «አድራሻ» የሚለው ቃል፣ በድምፅም በትርጉምም ለፈረንሳይኛው አቻው የቀረበ ቢሆንም፣ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከ«አደረሰ» ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ ወደ ተለየ ሕዋስ የሚላከውን «አድራሻ የለየ አደራረስ» ብንለው፣ «ዒላማ ተኮር» ከሚለው የተኩስ ቋንቋ ወጥተን ወደ ቤተ ሰብ ቃል እንመለሳለን።

«መድኃኒት» የሚለውን ቃል በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በእርሻ አገር «መድኃኒት» ሲባል አረምና ተባይ የሚያጠፋውም ነው፤ የኦሮምኛው «ቆሪቻ»ም እንዲሁ ሰፊ ነው። የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር በሚካሄድባት በአምቦ ይህ መምታታት የታወቀ ነው። ለአጠቃላይ አንባቢ በሚጻፍ ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ «በሰውነት ውስጥ የመድኃኒት አደራረስ» ተብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይበቃል።

ለተሸካሚው አንድ ባልደረባዬ «አገልግል» የሚል ስም አቅርቦልኝ ነበር። ምሳሌው ያማረ ነው፤ አገልግል በቆዳ ተለብጦ እንጀራውንና ወጡን ከአቧራ ጠብቆ የሚያደርስ፣ ከቦታው ሲደርስ የሚከፈት ነው። መምህር በክፍል ውስጥ ቢጠቀምበት ይህ ጸሐፊ ያጨበጭብለታል። ለመዝገበ ቃላት መሪ ቃልነት ግን አይመችም፤ አገልግል ራሱ አይሄድም፣ ተሸካሚ ይሻል፤ ከተከፈተም በኋላ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። «ተሸካሚ ቅንጣት» የሚለው የረቂቁ ምርጫ ጥሩ ስለ ሆነ ይጽና፤ አገልግሉ በፍቹ ውስጥ በምሳሌነት ይግባ።

ሁሉንም ስንሰበስበው፣ ባለሙያው «የመድኃኒትና የጂን አደራረስ ኬሚስት»፣ የሚሠራበት «ናኖ ቁስ»፣ የሚያበጀው «ተሸካሚ ቅንጣት»፣ የሕይወት ዘመኑ «የሙያ ጉዞ» ይሆናል። ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች ተማሪው በቤቱ ኦሮምኛ፣ በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ይናገራልና፣ የአማርኛው ስያሜ ብቻውን ቢሠምር ግማሽ ሥራ ነው። የአፋን ኦሮሞ ቃላት አዳባሪዎች በ«ዊርቱ» መጽሔታቸው ያካሄዱትን ውይይት የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሠሪዎች ማንበብ ይገባቸዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ፅንሰ ሐሳብ በተቀራራቢ ምሥርት ቢሰይሙት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ልጅ ሁለት ጊዜ አይደክምም።

ስሞችን ከማጽደቃችን በፊት ፈተናውን ከመዝገብ ቤት አውጥተን ወደ ሰሚው እንውሰደው የሚለው የዚህ ጸሐፊ ማሳሰቢያ ነው። አምቦ በነበርኩበት በማግሥቱ የተሻሻለውን ስም ለወጣቱ ኬሚስት ነገርኩት። በኦሮምኛ ለእናቱ እንዴት እንደሚለው ጥቂት አሰበና፣ «መድኃኒቱ የታመመው ቦታ እንዲደርስ የሚያበጅ ነው እላታለሁ» አለኝ። ማዘዣ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ይቀንስ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጉዞዬ እጠይቀዋለሁ። ረቂቁ ገና ማተሚያ ቤት ስላልገባ ለማቃናት ጊዜ አለ። የመስኩ ኬሚስቶች፣ የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ያላቸውን ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ቢልኩ፣ ጸሐፊው በምስጋና ይቀበላል።